75 ፐርሰንት የደረሰች ላም ከዚህ በኋላ በምን ትዳቀል?

ሱሉልታ ግርጌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ላይ ያሉ 5 የወተት ላሞችን ይመለከታል። የወተቱ መጠን የተለካው ከወለዱ በሁለተኛው ወር፣ ጠዋትና ማታ ተደምሮ ነው።

1ኛ፦ የቦራን (የሀገር ዝርያ) እና የሆልስቴይን (የፈረንጅ የወተት ዝርያ) ዲቃላ፣ 50 ፐርሰንት (የሆልስቴይን ደሟ መጠን)፣ 9 ሊትር።
2ኛ፦ እንደዚሁ 50 ፐርሰንት፣ 10 ሊትር።
3ኛ፦ የ1ኛዋ ልጅ፣ 75 ፐርሰንት፣ ሦስተኛ ወሊዷ፣ 14 ሊትር።
4ኛ፦ የ2ኛዋ ልጅ፣ 75 ፐርሰንት፣ የመጀመሪያ ወሊዷ፣ 11 ሊትር። የ3ኛዋና የ4ኛዋ አባት በማዳቀያ ካርዱ ላይ አንድ ቁጥር ነው።
5ኛ፦ ከገበያ የተገዛች ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ። ሻጩ «87.5 ናት» ብሏል፤ ወረቀት የላትም። ባለፈው ወሊዷ 12 ሊትር።

መኖ፦ ድርቆሽ እስኪበቃቸው፣ ለእያንዳንዷ በቀን 4 ኪሎ ፍሩሽካ፣ 1 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ አሞሌ ጨው፤ አተላ ሲገኝ።

ጥያቄዎቹ፦ 3ኛዋንና 4ኛዋን እንደገና በሆልስቴይን ላስዳቅላቸው ወይስ እዚህ ላይ ይብቃ? ከአንድ አባት ሆነው፣ ይልቁንም የ4ኛዋ እናት የተሻለች ሆና ሳለ፣ ለምን 14 እና 11 ሆኑ? የ14 ሊትሯ ልጅ 14 ሊትር ትሰጣለች? የጎረቤት ሆልስቴይን ኮርማም በነፃ አለ፤ እናቱን ያዳቀለው የእኛው ቴክኒሻን ነው፣ ኮርማው አሁን 3 ዓመቱ ነው። ሴት ብቻ የሚያስወልደው አባለዘርስ (የኮርማ የዘር ፈሳሽ) ዋጋውን ያወጣል?


ኮርማ ቆጣሪ፦
ከ14 እና ከ11 ልጀምር፤ ንጽጽሩ ልክ አይደለም። የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ላም ሙሉ አካል ስትይዝ ከምትሰጠው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው የምትሰጠው። ራሷ ገና እያደገች ስለሆነ የምትበላው ለወተትም ለአካሏም ይከፈላል። 11ን ለ0.75 ያካፍሉት፣ 14.7 ይመጣል። 4ኛዋ ከ3ኛዋ አታንስም ማለት ነው። «ደካማዋ» ብለው ለመሸጥ አስበው ከነበረ ይቆዩ፣ ሦስተኛ ወሊዷን ያሳዩን።

ይህን ብናስተካክልም ግን እህትማማቾች እኩል መሆን የለባቸውም። ጥጃ ከእናቷ ግማሽ፣ ከአባቷ ግማሽ ትወስዳለች፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሳት ግን ዕጣ ነው። አንድ ኮርማ ለሁለት ሴት ልጆቹ የሚሰጠው ግማሽ አንድ ዓይነት አይደለም።

የ14 ሊትሯ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ነው። የወተት መጠን የመወረስ አቅም ከ25 እስከ 35 ፐርሰንት ነው፤ 30 እንበለው። በአንድ በረት ውስጥ በላሞች መካከል ከሚታየው ልዩነት 30 ፐርሰንቱ ወደ ልጅ የሚሻገር የዘር ልዩነት ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መኖ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አያያዝ ነው። የእርስዎ በረት አማካይ 11.2 ሊትር ነው፤ 3ኛዋ በ2.8 ትበልጣለች። የ2.8 ሠላሳ ፐርሰንት 0.84 ሊትር። ልጅ የምትወስደው የዚህን ግማሽ ብቻ፣ 0.42 ሊትር። የአንድ ጥሩ እናት ድርሻ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «እናቷ 25 ሊትር ትታለብ ነበር» ተብላ በውድ የምትሸጥ ጊደር በአብዛኛው ላም አለኝ በሰማይ ናት፤ የሚከፈለው ለእናቷ መኖ ነው።

የአባለዘሩ ኮርማ ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ በረት በተበተኑ በርካታ ሴት ልጆቹ የተመዘነ ኮርማ የአንድ በረት መኖ አያሳስተውም፤ የሚሻገረው ዘር ራሱ ተለክቷል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እዚያ ላይ ይውጣ።

ሌሎች ባሕርያት በተለያየ መጠን ይወረሳሉ። የወተት ቅባት መጠን በመቶኛ 40 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ በምርጫ ቶሎ ይለወጣል። የጡት አቀማመጥና የጡት ጫፍ ርዝመት ከ20 እስከ 30 ናቸው። ቶሎ ማርገዝ ግን 5 ፐርሰንት እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ላሟ አልይዝ ስትል «ዘሯ ነው» ከማለት በፊት ገንዳዋንና አዳቃዩ የደረሰበትን ሰዓት መመርመር ይቀድማል።

ስለ 5ኛዋ፦ ቀለም የደም መለኪያ አይደለም። ጥቁር በቀይ ላይ ያይላል፤ አንድ ወጥ ቀለም ደግሞ በቡራቡሬ ላይ ያይላል። ስለዚህ ንጹህ ቦራን በሆልስቴይን ብትዳቀል ልጇ ብዙ ጊዜ ሙሉ ጥቁር ትሆናለች፤ ነጩ ከሆዷና ከጡቷ አካባቢ አያልፍም። ቡራቡሬነት ከ75 ጀምሮ ሊመለስ ይችላል፣ በ75ም በ93ም ያው ነው። ሻንኛ፣ የአንገት ሥር ቆዳና የጆሮ ቅርጽ ትንሽ ይጠቁማሉ፤ ቁጥር ግን አይሰጡም። ወረቀት ከሌላት «ደሟ አይታወቅም» ብለው ይመዝግቧት።

ደግሞም ቁርጥ ያለው ቁጥር 50 ብቻ ነው፤ ያውም እናቷ ንጹህ የሀበሻ፣ አባቷ ንጹህ ሆልስቴይን ከሆነ። 75 የሚባለው አማካይ ነው፤ አንዷ 68፣ እህቷ 82 ልትሆን ትችላለች። ከ50 እናትና ከ50 አባት የተወለደችም «50» ትባላለች፣ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ የዲቃላ ብርታቷ ሙሉ ነው፣ ሁለተኛዋ ጋ ግማሹ ጠፍቷል። ብርታት የምለው ሁለት የተራራቁ ዝርያዎች ሲገናኙ ልጅ ከወላጆቿ አማካይ በላይ የምትሆንበትን ነው፤ ከወተት ይልቅ በመርገዝ፣ በጥጃ መትረፍና በሽታን በመቋቋም ላይ ጎልቶ ይታያል። 50 ላይ 100 የነበረው 75 ላይ 50፣ 87.5 ላይ 25፣ 93.75 ላይ 12.5 ይሆናል። በሆልስቴይን በቀጠሉ ቁጥር የወተት ዘር ይጨምራሉ፣ ብርታቱን በግማሽ በግማሽ ይቀንሳሉ።


ድርቆሽና ፋጉሎ፦
ከላይ ያለው ሒሳብ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ከገንዳው ይጀምራል።

የሱሉልታ ድርቆሽ ጥሩ የሚሆነው ሣሩ ሲያብብ ሲታጨድ ነው። ብዙው ግን ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ፣ ዘሩን ከጣለ በኋላ ይታጨዳል። እንዲህ ያለው ድርቆሽ ላሟን ከማኖር ብዙም አያልፍም። ወተቱ የሚመጣው ከፍሩሽካውና ከፋጉሎው ነው፤ 1 ኪሎ ድብልቅ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ይደግፋል። የእርስዎ 5 ኪሎ ቢበዛ 12.5 ሊትር ነው። 3ኛዋ 14 ትሰጣለች፤ ቀሪውን 1.5 ሊትር ከየት አመጣችው? ከጀርባዋ። የጎድን አጥንቷንና የዳሌዋን ጫፍ ይዩ። ከወለደች በኋላ ሥጋዋ እየቀለጠ ያለች ላም ወይ ኮርማ መፈለጓን አታሳይም፣ ወይ ተዳቅላ ትመለሳለች።

ስለዚህ በዚሁ መኖ 87.5 ቢያደርጓት ተጨማሪ ሊትር አይታዩም። የሚታየው በወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ መርዘም ነው። በዓመት ከመንፈቅ አንዴ የምትወልድ የ15 ሊትር ላም፣ በየ13 ወሩ ከምትወልድ የ11 ሊትር ላም ትበልጣለች ብሎ የሚከራከር ሰው የደረቀችበትን ጊዜ መኖ አልደመረም።

የሱሉልታ ብርድ ለሆልስቴይን ይስማማታል፣ ያ እውነት ነው። ቆላ ወርዶ እንደሚያስቸግረው የሙቀት ጭንቀት እዚህ የለም። የከብት ቲቢ ግን የፈረንጅ ደም ሲጨምርና ከብቱ በጠባብ በረት ሲታጎር ይብሳል። የሀበሻ ከብት የተሻለ ይቋቋመዋል። ደሙን ከፍ የሚያደርግ ሰው የቆዳ ምርመራውን ጨምሮ ያስብ።

እኔ የምመርጠው፦ 1ኛዋንና 2ኛዋን በሆልስቴይን፣ ልጆቻቸው 75 እንዲሆኑ፤ 3ኛዋንና 4ኛዋን በጀርሲ። የጀርሲ ላም ክብደቷ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ነው፣ ሆልስቴይን 600ን ታልፋለች፤ ራሷን ለማኖር የምትበላው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ልጇ 50 ፐርሰንት ጀርሲ፣ 37.5 ሆልስቴይን፣ 12.5 ቦራን ትሆናለች። የውጭ ደሟ ሲደመር 87.5 ነው፣ አካሏ ግን የ87.5 ሆልስቴይን አካል አይደለም፣ ጥጃዋም በወሊድ ጊዜ አያስጨንቅም። የወተቷ ቅባት 5 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሳል። ቅቤ የሚያወጣ ወይም እርጎ የሚሸጥ ይጠቀማል፤ በሊትር ብቻ ለሚረከብ ነጋዴ የሚሸጥ ግን ከቅባቱ ምንም አያገኝም፣ ይህን አስቀድመው ይወስኑ። ሌላው ጉድለት ወንዱ ጥጃ ነው፤ ለማድለብ ማንም አይሻማበትም። ጀርሲ ከወለደች በኋላ በካልሲየም ማነስ ትወድቃለችም። ፍሩሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ስለሆነ በ100 ኪሎ ድብልቅ 1 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 1 ኪሎ ጨው መግባት አለበት። አሞሌው ብቻውን ይህን አይሸፍንም።

በሆልስቴይን መቀጠል የግድ ከሆነ፣ ለ3ኛዋ በቀን ድብልቁ 7 ኪሎ ይድረስ፣ በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ። በአንዴ ከ3 ኪሎ በላይ መስጠት ሆዷን ያኮመጥጠዋል።


ኮርማ ቆጣሪ፦
በጀርሲው እስማማለሁ፣ ግን አንድ ትውልድ ብቻ ነው የሚፈታው። የጀርሲዋ ልጅስ በምን ትዳቀል? መልሱ አሁን መታወቅ አለበት፤ ወደ ሆልስቴይን ትመለሳለች፣ ከዚያ እንደገና ጀርሲ። ሁለቱን ማፈራረቅ የሚሠራው የእያንዳንዷ አባት በጽሑፍ ካለ ብቻ ነው። መዝገብ ለማይዝ ሰው በአንድ ዝርያ መቀጠል ይሻለዋል። ሌላው መንገድ 75ቷን በ50 ኮርማ ማስዳቀልና 62.5 ላይ መቆም ነው። ቃሊቲ ባለው ብሔራዊ የማዳቀል ማዕከል የዲቃላና የሀገር ዝርያ ኮርማ አባለዘርም ሲዘጋጅ ኖሯል። ችግሩ የ50 ኮርማ ልጆች እጅግ ይለያያሉ፤ አንዷ ወደ ቦራን፣ አንዷ ወደ ሆልስቴይን ታደላለች።


አዳቃይ 27፦
የጎረቤቱን ኮርማ ሳታስጠጉ በፊት አንድ ነገር፦ እናቱን ያዳቀለው ያው ቴክኒሻን ነው ብለዋል፣ ኮርማው 3 ዓመቱ ነው። የ4ኛዋም ዕድሜ እዚያው አካባቢ መሆን አለበት። የጎረቤትዎን ካርድ አይተው የአባቱን ቁጥር ከ3ኛዋና ከ4ኛዋ አባት ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

አንድ ከሆነ በአባት ወንድማቸው ነው። ከነሱ የሚወለደው ጥጃ የዝምድና መጠኑ 12.5 ፐርሰንት ይሆናል፤ አባት ከገዛ ልጁ ቢሆን 25 ነበር። ጉዳቱ ተደብቆ የነበረው ነገር መገናኘቱ ነው። የጋራ አባታቸው አንድ ስውር ገዳይ ዘር ተሸክሞ ከሆነ፣ ኮርማው የመውሰድ ዕድሉ ግማሽ፣ ላሟም ግማሽ፣ ሁለቱም ይዘው ጥጃው ከሁለቱም የመውረስ ዕድሉ ሩብ፤ ሲባዛ ከ16 ጥጃ 1። በሆልስቴይን ይህ ወሬ አይደለም። በ1952 የተወለደው ኦስቦርንዴል አይቫንሆ የተባለ ኮርማ ነጭ የደም ሴል የሚያደክም ስውር ዘር ነበረው፤ ልጆቹ ስለተወደዱ ዘሩ በአባለዘር በዓለም ተዳረሰ። ገዳይ ዘር ባይኖርም ጥጃው ቀጫጫ መሆን፣ ቶሎ አለማርገዝና የወተት መቀነስ ይከተላል።

ቁጥሩ ባይገናኝም ነፃ ኮርማ ነፃ አይደለም። ስንቱን በረት ሲዞር የከረመ ኮርማ ትሪኮሞናስና ቪብሪዮ የሚባሉ በማዳቀል የሚተላለፉ በሽታዎችን ያዛምታል፤ ላሟ ትይዝና በሁለተኛ በሦስተኛ ወሯ ሳይታወቅ ይጠፋል፣ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ብሩሴላ የሚባለው የሚያስወርድ በሽታም አለ። እና የወጣት ኮርማ የወተት ዘር ማንም አልለካውም።

አሁን ማዳቀሉ ራሱ። ቤታችን ውስጥ ላም ታስራ ስለምትውል ኮርማ የመፈለጓ ምልክት ይሰወራል። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁለት ሦስቱን ፈትተው 20 ደቂቃ ግቢ ይልቀቋቸው። ሌላዋ ስትወጣባት ጸጥ ብላ የምትቆመው ናት የደረሰችው፤ የምትወጣው ላትሆን ትችላለች። እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ የወተት መቀነስ፣ መጮህ አጋዥ ምልክቶች ናቸው። ጠዋት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። እንቁላሉ የሚወጣው ምልክቱ ከጀመረ ከ24 እስከ 30 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የቦራን ደም ያለባት ላይ የመቆሚያው ሰዓት ያጥራል፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው፤ ስለዚህ 1ኛዋንና 2ኛዋን ሲያዩ አይዘግዩ። ጅራቷ ላይ ደም ካዩ አልፏል፤ ከዚያ ቀን 18 ቆጥረው ይጠብቁ። ቅዳሜና እሁድ አዳቃይ ካልተገኘና ሰኞ ቢመጣ፣ «ለማንኛውም ይሁን» ብለው አያስዳቅሉ፤ ስትሮው (አባለዘሩ ያለበት ቀጭን ቱቦ) ይባክናል፣ ማህፀኗም ይቆሽሻል።

አዳቃዩ ሲመጣ ይህን ይመልከቱ። ስትሮው ከፈሳሽ ናይትሮጅኑ ሲወጣ የስትሮው መያዣ ከናይትሮጅን ዕቃው አንገት በላይ አይነሳም፤ ከ10 ሰከንድ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ወደ ታች መልሶ እንደገና ያነሳል። ከዚያ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ። በቴርሞሜትር ይለካ፣ በጣት አይሆንም። በብብት፣ በኪስ ወይም በትንፋሽ የሚያቀልጥ አለ፤ ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ አባለዘሩን ይገድላል። ከውሃው ሲወጣ ተጠርጎ ይደርቃል፣ አንዲት ጠብታ ውሃም ትገድለዋለችና። ፀሐይ እንዳያገኘው ተደርጎ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይገባል። የማህፀኑን በር እንዳለፈ እዚያው መልቀቅ ነው፤ ወደ አንዱ የማህፀን ቀንድ (ቅርንጫፍ) ጠልቆ መግባት ሙያ መስሎት የሚገፋ ሰው ይጎዳታል።

ሴት የሚያስወልደው አባለዘር፦ ከ10 ጥጃ 9ኙ ሴት ይሆናሉ፣ ግን በአንድ ስትሮ ያለው ሕዋስ ከተራው አሥር እጅ ያህል ያነሰ ስለሆነ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። ለጊደር ይስጡት፤ ክብደቷ 250 ኪሎ ካለፈና ሁለት ጊዜ ኮርማ ስትፈልግ ከተመዘገበ። ሥጋዋ ለሚቀልጠው ለ3ኛዋ አሁን ገንዘብ መጣል ነው። ሴት ጥጃ ደግሞ ከወንዱ ቀለል ስለምትል ለመጀመሪያ ወሊድ ትረዳለች።

ከወለደች 60 ቀን ሳይሞላት አታስዳቅሉ። ቀን መምረጥ ለሚችል ሰው፦ ግንቦት አጋማሽ ላይ የያዘች የካቲት መጨረሻ ትወልዳለች፤ የወተቷ ጫፍ ፋሲካ ሲፈታ ይደርሳል። ታኅሣሥ የወለደች ጫፏ ሁዳዴ ላይ ያርፋል፣ ያኔ ወተቱን ማን ይግዛው።


ሱሉልታ ግርጌ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱ ታየ፣ የኮርማው አባት ቁጥር የ3ኛዋና የ4ኛዋ ራሱ ነው። ኮርማው ቀርቷል። 3ኛዋ በጀርሲ፣ መኖዋ ተስተካክሎ። አንድ ይቀራል፦ 5ኛዋ ከአራት ቀን በፊት ወንድና ሴት መንታ ወልዳለች። ሴቷ ደህና ናት፣ ትጠባለች። ለዘር ትደግ?


አዳቃይ 27፦
አይመከርም። ከወንድ ጋር መንታ የተወለዱ ሴቶች ከ10 ከ9 በላይ መካን ናቸው። በማህፀን ውስጥ የሁለቱ የእንግዴ ልጅ የደም ሥር ስለሚገናኝ የወንዱ ደም ተሻግሮ የሴቷን የመራቢያ አካል ያቀጭጨዋል። የዘር ጉድለት ስላልሆነ እናቷን አይፍሩባት፤ በሌላ ጊዜ ብቻዋን የምትወልዳት ሴት ምንም አትሆንም።

ማረጋገጥ ከፈለጉ፦ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የላብራቶሪ ብርጭቆ ቱቦ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው፣ በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ይቀዝቅዝ፣ በቫዝሊን ይቀባ። አንድ ሰው ጥጃዋን ቆማ ይያዛት። ቱቦውን ትንሽ ወደ ላይ አዘንብሎ በዝግታ ማስገባት፤ ሲቆም አይገፋም። ደህናዋ ላይ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይገባል፣ መካኗ ላይ ከ5 እስከ 8 ብቻ። ብልቷ ጫፍ ላይ ረዘም ያለ የፀጉር ጉንጉንና ከወትሮው የተለቀ ቂንጥር ካለም ያው ነው። 10 አካባቢ ላይ ቢቆምና ቢያጠራጥር በአንድ ወሯ ይድገሙት። እስከዚያ ከወንዱ ጋር እኩል ወተት ትጠጣ፤ መካን ብትሆንም ለሥጋ ትደልባለች።


ድርቆሽና ፋጉሎ፦
የ5ኛዋን ድብልቅ ዛሬውኑ ወደ 6 ኪሎ ማድረስ ይጀምሩ፣ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ኪሎ እየጨመሩ። መንታ የወለደች ላም የእንግዴ ልጇ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እስካሁን ሙሉ በሙሉ ካልወጣ በእጅ አይጎተት፤ ትኩሳቷ 39.5 ካለፈ ወይም ከሸተተ ሐኪም ዛሬ ይጠራ።